መምህር እንድሪስና ሁለቱ መስመሮች

ታናሽ ወንድሜ ጌታሁን መካነ ሰላም ነው የሚኖረው፤ እኔ ደግሞ ከዚያ የአገሩን እኩሌታ አቋርጬ ሚዛን ተፈሪ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ይደውልልኛል። ባለፈው እሑድ ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ፣ "መምህር እንድሪስ አረፉ" አለኝ። "ትናንት ቀበርናቸው። ሕዝቡ ለጉድ ነው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም። ቃሬዛውን የተሸከሙት ሰዎች ምን አሉ መሰለሽ? ከመቅለሉ የተነሳ፣ 'የረሳነው ነገር አለ ወይ?' ብለን ወደ ኋላ ዞረን አየን አሉ።"

አምላክ ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅሁ። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ሳቅሁ፤ ያለቀስሁት ከዚያ በኋላ ነው። እሳቸው ቢያዩኝ ግን ቅደም ተከተሉን ይወዱልኝ ነበር።

መምህር እንድሪስ የሒሳብ አስተማሪያችን ነበሩ። ከደጎሎ በኩል የመጡ፣ ቁመታቸው የበዛ፣ ሥጋቸው ያነሰ ሰው። ክረምት ሊገባ ሲል ከቆላው በኩል ነፋስ ሲነሳ ተማሪው፣ "መምህርን ያዟቸው!" እያለ ይጮሃል። እሳቸውም እንዳልሰማ ሰው ሄደው የባንዲራውን እንጨት አቅፈው ይቆሙልናል። ጠመኔያቸውን እንደ አናጺ እርሳስ ጆሯቸው ላይ ይሰኩና፣ ሰሌዳው ፊት ቆመው ኪሳቸውን ሲበረብሩ ክፍሉ በሙሉ፣ "ጆሮዎ ላይ!" ይላል። ሲስቁ መጀመሪያ ትከሻቸው ነው የሚስቀው፤ ድምፁ ቆይቶ ይደርሳል። ቃላቸው አንድ ነበረች፤ "አብሽሩ!" አይዟችሁ እንደ ማለት ነው። በእኛ አገር ይህን ለማለት እስላም መሆን አያስፈልግም፤ እማዬም የታመመ ስትጠይቅ "አብሽር" ብላ ነው የምትገባ።

የምጽፈው ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላ ስለነበረው ጊዜ ነው። ዝናቡ ተመልሷል፣ ገብሱም ተመልሷል፤ ሰው ግን ገና አላመነም። እንጀራ ሲቀርብለት ዳር ዳሩን ቆርሶ እጁን ቶሎ ይሰበስባል። በየግድግዳው መፈክር ተጽፏል፤ ስኳርና ሳሙና የሚገኘው ከቀበሌው ሱቅ በሰልፍ ነው። እኛ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ደግሞ የምናወራው ስለ ማትሪክ ብቻ ነበር።

ማትሪኩን ማለፍ ብቻውን ዩኒቨርሲቲ አያስገባም። መግቢያ ነጥብ የሚባል ነገር አለ፤ እሱ ላይ ያልደረሰ ይቀራል። ይህን ነጥብ ሁላችንም ከጥንት ጀምሮ የተተከለ ድንጋይ አድርገን ነበር የምናየው። ያለፈው ዓመት እዚህ ከነበረ ዘንድሮም እዚሁ ነው፤ እዚያ ያልደረሰ ወደቀ፣ አለቀ።

መምህር እንድሪስ ይህን አነጋገራችንን ሲሰሙ ጥርሳቸውን እንደሚያመው ሰው ፊታቸውን ይቋጥሩ ነበር። አንድ ጠዋት ሰሌዳውን ሳይነኩ አንድ አግዳሚ ወንበር ወደ ፊት አስጎተቱና፣ "በቁመት ተሰለፉ። ረጅሙ ይቅደም" አሉ።

ተሰለፍን።

"ከረጅሙ ጀምራችሁ ተቀመጡ።"

ተቀመጡ፤ አግዳሚው ሞላ። መጨረሻ ላይ የተቀመጠችው ዘሀራ ነበረች፤ ግማሽ ጎኗ አየር ላይ ነው። ከእሷ በኋላ ያለን ቆመን ቀረን።

"የዛሬው መግቢያ ነጥብ ስንት ነው?"

ሰሌዳውን አየን፤ ባዶ ነው።

"የዘሀራ ቁመት ነዋ! የመጨረሻዋ ገቢ እሷ አይደለችም እንዴ? ማን ወሰነው? እኔ ነኝ?"

"አግዳሚው ነው!" አለ ከቆሙት አንዱ፣ ምርር ብሎ።

"ማሻአላህ!" አሉና ከቢሮ ረጅሙን አግዳሚ አስመጡ። ተማሪው ያው ነው፤ አሁን ግን ከዘሀራ በኋላ የነበሩት ሁሉ ተቀመጡ። ከሁሉም አጭሯ እኔ ብቻ ቆሜ ቀረሁ።

"ነጥቡ ምን ሆነ?"

"ወረደ!"

ቀጠሉና ከጎረቤት ክፍል ጎረምሶች ጠርተው ከሰልፉ ራስ አስገቧቸው። አሁን ዘሀራም ተነሳች።

"አሁንስ?"

"ወጣ!"

"የዘሀራ ቁመት ቀነሰ?"

"ኧረ ምን በወጣኝ! ተገፋሁ እንጂ!" አለች ዘሀራ፣ ቀሚሷን እያራገፈች።

ትከሻቸው ሳቀ። "አብሽሪ። ስሙኝ እንግዲህ። ፈተናው የሚለካው የእናንተን ቁመት ነው። መስመሩን የሚያሰምረው ግን የአግዳሚው ርዝመትና የሰልፈኛው ብዛት ነው። ሰው ሁሉ ተቀምጦ እስኪያበቃ መስመሩ የት እንዳለ የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው። አምና የተቀመጡበትን አይታችሁ ዘንድሮ ወደቅሁ አትበሉ።"

"መምህር፣ እኔስ?" አልኩ፣ ብቻዬን እንደቆምኩ።

"አንቺማ ትርንጎ፣ ዕድለኛ ነሽ። ፈተናው በቁመት አይደለም።"

ተፈተንን። ውጤት መጣ። የእኔ ነጥብ ከአምናው መግቢያ በትንሹ ዝቅ ያለ ሆነ። የዘንድሮው መግቢያ ገና አልተነገረም፤ በሬዲዮ ነው የሚነገረው። ከተማው ግን ሬዲዮ አልጠበቀም፤ ቀረች ብሎ ፈረደ።

በዚያው ሳምንት የቀበሌው ሱቅ ስኳር መዛኝና ጸሐፊ አግብታ ወደ አቀስታ ሄደችና ቦታው ተከፈተ። ሊቀመንበሩ፣ "ልጂቱ ከፈለገች ትምጣ፤ ካልፈለገች ለሌላ እንሰጠዋለን" ብለው ላኩብን። ደመወዟ ትንሽ ናት፤ ግን የወር ናት። አባቴ ከድርቁ በፊት ነው ያረፈው። ከዚያ ወዲህ እማዬ በየገበያው ገብስ እየቸረቸረች ነበር ጌታሁንንና እኔን የምታኖረን። እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነበር፤ ቦታውን ተቀብዬ ልቀመጥ፣ ወይስ ገና ያልተሰመረ መስመር ልጠብቅ? ጠብቄ ብቀር ሁለቱንም አጣሁ ማለት ነው።

ጎረቤቶች ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። አንዷ ወይዘሮ ከእማዬ አጠገብ ተቀምጣ፣ "ምን ይደረግ እንግዲህ ተዋቡ፣ ነጥቧ ከመስመሩ በታች ነው አሉ" አለቻት።

"ከመስመሩ በታች?" አለች እማዬ። "እርግጡን ነው?"

"እርግጡን ነው እህቴ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለችና ወጡን ልታማስል ተነሳች።

ሴቶቹ ተያዩ። "እምነት ማለት እንዲህ ነው" አለች አንደኛዋ ስትወጣ። በሳምንቱ ይኸው የእማዬ ነገር በሰንበቴው ተነስቶ ተመሰገነ።

እኔ ግን እሷን የሚያህል እምነት አልነበረኝም። "እማዬ፣ ሥራውን ልያዘው" አልኳት።

"ምን አስቸኮለሽ? ይጠሩሽ የለም እንዴ?"

"ነጥቤ ዝቅ ያለ ነው እኮ!"

"ሰማሁ። ለዚህ እኮ ነው የምልሽ።"

ግራ ገባኝና ለመምህር እንድሪስ ነገርኳቸው። በማግሥቱ ቤታችን ድረስ መጡ፤ በራችን ዝቅ ያለ ስለነበር ከሁለት ታጥፈው ገቡ።

"እትዬ ተዋቡ፣ እውነት ይጠበቅ ነው የሚሉት?"

"አንቱ መምህር፣ ዝቅ ካለች ምን ያስፈራል?" አለች እማዬ፣ ረጋ ብላ።

መምህር እንድሪስ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ስሸኛቸው ደጅ ላይ ቆመው፣ "ወላሂ፣ ይኼ ሁሉ መምህር ያልገባው ነገር እናትሽ ገብቷታል። የአምናው መስመር የዘንድሮ እንዳልሆነ ገብቷታል!" አሉኝ። ከዚያ ቀጥ ብለው ወደ ቀበሌው ሄዱ፤ እኔም ከኋላቸው።

ሊቀመንበሩ፣ "ምን ይዞዎት መጣ ጓድ መምህር?" አሉ።

"ስለ ወንበሩ ነው። ትርንጎ ቦታውን ትፈልገዋለች።"

"ጥሩ። ነገ ትጀምር።"

"ግን ደግሞ አትፈልገውም።"

"ይኼ የሒሳብ መልስ ነው?"

"ሬዲዮው እስኪናገር ይቆይላት። እስከዚያ እኔ ከትምህርት ሰዓት በኋላ እየመጣሁ እሠራላታለሁ። ያለ ክፍያ።"

ሊቀመንበሩ ከእግር እስከ ራሳቸው አዩዋቸው፤ ረጅም መንገድ ነው። "መምህር ስኳር ሊመዝን?"

"ሚዛን ሒሳብ አይደለም እንዴ? ወንበሩን እያሞቅሁ ልቆይላት ነው የምለው።"

"እርስዎ ምን ሥጋ አለዎትና ያሞቃሉ?" አሉ ሊቀመንበሩ፤ ሳቃቸው ሲያመልጣቸው ነገሩ አለቀ።

እንዲህ ሆነና መምህር እንድሪስ ጠመኔያቸው ጆሯቸው ላይ እንደተሰካ የስኳር ሰልፍ ላይ ተሰየሙ። በዚያ ሰልፍ መካነ ሰላም የመግቢያ ነጥብን ምስጢር ተማረ ብል አላጋነንኩም። ስኳሩ ባለቀበት ቦታ መምህር ብድግ ይሉና፣ "የዛሬው መግቢያ ነጥብ እሜቴ ዘነበች ናቸው!" ብለው ያውጃሉ። እሜቴ ዘነበች ስኳራቸውን እንደ ዋንጫ ከፍ አድርገው ያሳያሉ፤ ሰልፉ ያጨበጭባል።

"ከእሳቸው በኋላ ያላችሁ ወደቃችሁ?"

"አልወደቅንም!" ይላል የቀረው ሰልፍ ባንድ ድምፅ።

"ምን ሆነ ታዲያ?"

"ስኳሩ ነው ያነሰ!"

"አብሽሩ! ይኸው ነው።"

"ሻዬ ግን ያው መራራ ነው መምህር" አሉ አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ። መምህርም፣ "ለእሱማ እኔም መልስ የለኝ አባባ" ብለው ከራሳቸው ድርሻ ቆንጥረው ሰጧቸው። ሌላ ጊዜ ደግሞ አንዲት ሴት ስትጋፋ ከኋላዋ ያለችው፣ "አግዳሚው እንደሆን በግፊያ አይረዝምልሽ!" ስትላት ሰምቻለሁ። ከዚያ ሰልፍ የቀረች ሴት ብትኖር እማዬ ብቻ ናት። መምህሩ በልጇ ቦታ ተቀምጠው ስኳር ሲመዝኑ ማየት ስላሳፈራት ሁልጊዜ እኔን ነበር የምትልክ።

ሬዲዮው የተናገረው በገበያ ቀን ነው። እማዬ ገብሷን ዘርግታ ቁና ይዛ ትሰፍራለች፤ እኔ አጠገቧ ጆንያ እይዛለሁ። ድንገት ከቀበሌው በኩል ሰው ሲበታተን አየን። መምህር እንድሪስ እየሮጡ ነው። ሲሮጡ አይቼአቸው አላውቅም፤ ክንዳቸውም እግራቸውም በየፊናው ነው የሚሄደው። ከሩቅ ይጮሃሉ፦

"ከመስመሩ በላይ ናት! እትዬ ተዋቡ! ትርንጎ ከመስመሩ በላይ ናት!"

እልል ልል አፌን ስከፍት እማዬ ቁናዋን ጣለች። ገብሱ ላይ ቁጭ አለችና ደረቷን መታች። "ወይኔ ልጄን! መለሱብኝ! ልጄን መለሱብኝ!"

ከጎን ያሉት ሴቶች ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረዋት ማልቀስ ጀመሩ። መምህር እንድሪስ ላባቸው እየተንጠባጠበ ቆመው ቀሩ።

"እትዬ… በላይ ነው እኮ ያልኩት።"

"ሰማሁ መምህር! ጌታሁኔንም በላይ ነው ብለው አይደል የመለሱብኝ?"

ያን ጊዜ ነው እኔም የገባኝ። በድርቁ ወራት እማዬ ጌታሁንን አዝላ ወደ አንድ መጠለያ ወስዳው ነበር። እዚያ ሕፃናቱን በተንጠለጠለ ሚዛን ይመዝናሉ፤ ግድግዳው ላይ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ደግሞ ቀይ መስመር አለ። ክብደቱ ከመስመሩ በታች የሆነ ልጅ ወተቱ ወዳለበት በር ይገባል። ከመስመሩ በላይ የሆነ ይመለሳል፤ ለሁሉም የሚበቃ ወተት የለማ። ጌታሁን በትንሹ በላይ ሆነ። "ይኼ ከመስመሩ በላይ ነው፣ ይመለስ" አሏት። አልተመለሰችም። ከአጥሩ ውጪ ተቀምጣ፣ እስኪወርድ ጠበቀች። እንደገና ሲመዘን፣ "በታች ነው፣ ይግባ" ሲሏት እልል አለች። ልጇ ከሳ ተብላ እልል ያለች እናት ናት። ለእማዬ በዓለም ላይ የተሰመረ መስመር አንድ ብቻ ነበር።

ይህን ለመምህር በእንባዋ መካከል ነገረቻቸው። እሳቸው ቀስ ብለው ወረዱና ከጎኗ መሬት ላይ ተቀመጡ። ትከሻቸው አልተንቀሳቀሰም። ጠመኔያቸው ከጆሯቸው ወድቆ ገብሱ ውስጥ ገባ፤ አላዩትም። ከዚያ በዝግታ ጀመሩ።

"አብሽሩ እትዬ። ይኼኛው መስመር የተገለበጠ ነው። ከላዩ ያለውን ነው የሚያስገባ።"

"የጠገበውን?"

"እ… አዎ። የጠገበውን።"

እማዬ እንባዋን ጠርጋ አየቻቸው። "ምን ዓይነቱ ሰው ነው የጠገበ የሚያስገባ?"

ገበያው ሳቀ። "ወላሂ እኔ አላሰመርኩትም!" አሉ መምህር፣ ሁለት እጃቸውን አንስተው። ከዚያ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ሁለቱን መስመር ያሰመረው ግን አንድ ነገር ነው እትዬ። አለመብቃቱ ነው። ያኔ ወተቱ አልበቃም፣ አሁን ወንበሩ አልበቃም። ጌታሁን ምንም አላጠፋም ነበር። ትርንጎም ብትቀር ኖሮ ምንም አላጠፋችም ነበር" አሉ።

"ብትቀር ኖሮ? ገብታለች ነው የሚሉኝ?"

"ገብታለች።"

"ታዲያ መጀመሪያውኑ እንዲያ አይሉም ነበር!" ብላ ትከሻቸውን በጥፊ መታቻቸውና እልልታዋን ለቀቀችው። ያለቀሱት ሴቶች ሁሉ ተቀበሏት።

መምህር ግን አንድ ነገር ትዝ አላቸው። "እትዬ፣ ያን ጊዜ 'ዝቅ ካለች ምን ያስፈራል' ሲሉኝ…"

"ዝቅ ካለች ይወስዷታል ብዬ ነዋ!"

መጀመሪያ ትከሻቸው ተነሳ። ድምፁ እንደ ልማዱ ዘግይቶ መጣ፤ ሲመጣ ግን ገብሱ ላይ በጀርባቸው ጣላቸው። "አብረን ጠበቅን እኮ!" ይላሉ፣ እግራቸውን እያነሱ። "እኔ በሒሳቡ፣ እርስዎ በግልባጩ! እኔ ደግሞ ነገሩ ገብቶዎታል ብዬ ለመምህራኑ ሁሉ አውርቼ!" የእማዬ የሰንበቴ ምስጋናም በዚያው ቀን ወደ ሳቅ ተለወጠ፤ እሷም ከሁሉ አብልጣ ሳቀችበት።

ያ መስመር በዚያ ዓመት ለምን እንደወረደ እስከ ዛሬ አላውቅም። አግዳሚው ረዝሞ ይሁን ረጃጅሞቹ አንሰው፣ መምህርም ቢጠየቁ "ማን ያውቃል?" ነበር መልሳቸው። ከዚያ ወዲህ ግን ለአንድም ወላጅ "በላይ" ወይም "በታች" የሚል ቃል አውጥተው አያውቁም ይላል ጌታሁን፣ እሱም በተራው ተማሪያቸው ስለነበረ። መጀመሪያ "ገብታለች"፣ "ገብቷል"፤ ቁጥሩ በኋላ ነው። ያልገባ እንደሆን ደግሞ ከጎኑ መሬት ላይ ይቀመጣሉ። እማዬ እሳቸውን ላወፍር ብላ በየሳምንቱ ቆሎና ቅቤ ስትልክ ኖረች፤ ቅቤው የት እንደሚገባ ግን አልታወቀም።

እኔም እዚህ ሚዛን ተፈሪ አስተማሪ ነኝ። መግቢያ ነጥብ በወጣ ቁጥር ወላጆች ስልካቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ቁጥሩን ያሳዩኛል፣ ዓይናቸው ግን ፊቴ ላይ ነው። ቁጥሩን ሳልጠራ "ገብቷል" እላለሁ። ያልደረሰለት ሲመጣ አግዳሚ እጎትታለሁ። አንድ ጊዜ ርዕሰ መምህሩ ዘው ብሎ ሲገባ፣ የአንድ ተማሪ አባት፣ አክስትና ጎረቤት በቁመት ተሰልፈው አገኛቸው፤ በሩን መልሶ ዘጋው።

ባለፈው እሑድ ጌታሁን ወሬውን ሲጨርስ ስልኩን እማዬ ተቀበለችው። አርጅታለች፤ ድምፅዋ ግን ያው ነው።

"ትርንጎዬ፣ ሰማሽ?"

"ሰማሁ እማዬ። ነፍሳቸውን ይማር።"

"ይማር። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የላይኛው ቤት መስመር እንደየትኛው ይሆን? እንደ ሬዲዮው ነው ወይስ እንደ ወተቱ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ እማዬ? ቄሱን ጠይቂያቸዋ።"

"ጠየቅኋቸው። ጾምሽን ጹሚ አሉኝ።"

ሁለታችንም ሳቅን። እሷ ግን ቀጠለችና፣ "እንደ ወተቱ ይሁንልን ነው የምለው። የጎደለበትን የሚያስገባ" አለች።

"አሜን" አልኳት ከልቤ። "መምህርስ ታዲያ?"

"መምህርማ!" አለች፣ እንደ ገበያው ቀን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። "እሳቸው በየትኛውም ይገባሉ። በሥራቸው ቢለኩ ከላይ ናቸው። በሚዛን ቢለኩ ደግሞ… ተሸካሚዎቹ ምን እንዳሉ ጌታሁን አልነገረሽም?"